አንድ በሬ ለሰባት

በእኛ ሰፈር የቅርጫ በሬ ሰባት ቤት ይከፍልበታል፣ ስምንት መደብ ይወጣዋል። ስምንተኛው መደብ የጋሽ ዱባለ ነው። ጋሽ ዱባለ ብር አያዋጡም፤ የሚያዋጡት እጃቸውን ነው። በሬውን መርጠው ያመጣሉ፣ ያርዳሉ፣ ይገፍፋሉ፣ ይመድባሉ፤ ከዚያ እንደማንኛውም ሰው ዕጣ ይገቡና የደረሳቸውን በማዳበሪያ ተሸክመው ይሄዳሉ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሲሆን ኖሯል። ከአንድ መጋዘን ጥበቃ በጡረታ ከወጡ ወዲህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለገናና ለፋሲካ፣ ቤታቸው ሥጋ የሚገባው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አውቆም ዝም ይላል፤ ዝም የሚለው ጥሩ ስለሚመድቡ ነው።

መመደባቸውን እንደ ቀላል አትዩት። ሚዛን የሚባል ነገር አይነኩም። ብልቱን ሁሉ ለሁለት፣ ሁለቱን ለአራት፣ አራቱን ለስምንት እየገመሱ ይሄዳሉ፤ ሲጨርሱ ሸራው ላይ ከደም በቀር የሚቀር የለም። አንድ ዓመት የዝንብ ክንፍ የምታክል ጮማ ከሦስተኛው መደብ አንስተው አምስተኛው ላይ ሲጨምሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላ ዓመት ደግሞ ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ በኩል የመጣ አሞራ ከስድስተኛው መደብ ቁራጭ ነጥቆ በረረ። ጋሽ ዱባለ ቀና ብለው አዩት። አሞራው ተመልሶ ከቀሩት ሰባት መደቦችም ያንኑ ያህል ነጥቆ ሄደ። ያላመነ አሞራውን ይጠይቅ፤ አሁንም እዚያው ቆሼ ነው የሚሠራው።

ነገሩ የተበላሸው በሆሳዕና እሁድ ነው። ስብሰባው እንደ ወትሮው እትዬ ጥሩብርሃን ግቢ ነበር። እትዬ ጥሩብርሃን የቅርጫው ሰብሳቢ ናቸው፤ አባታቸው ከወልቂጤ በኩል መጥተው አየር ጤና ላይ የከፈቱትን የእህልና የበርበሬ ሱቅ እስከ ዛሬ ይዘዋል። ልጃቸው ኤልናታን ደግሞ ከኮሌጅ ዲፕሎማውን ካመጣ ጀምሮ በቁጥር ካልሆነ አያወራም። ጠዋት እንዴት አደርክ ብትለው «ሰማንያ በመቶ ደህና ነኝ» ይልሃል። ቀሪው ሃያ ምኑን እንደሚያመው ጠይቄው አላውቅም።

«ጋሽ ዱባለን አከብራቸዋለሁ» ብሎ ጀመረ። እንዲህ ተብሎ ከተጀመረ ደግ ነገር አይከተልም። «ግን እስቲ አስቡት። በሬ ተወዷል። ሰባት ሆነን እንከፍላለን፣ አንድ ሙሉ መደብ ለዓይን ግምት እንሰጣለን። እማዬ ሱቅ ዲጂታል ሚዛን አለ። ግራም ይለያል። ለማረዱ ለመግፈፉ የድካማቸውን አንድ ነገር እንስጣቸውና ሥጋውን ለሰባት እንካፈል።»

«ሚዛኑ ሽንጥና አጥንት ይለያል?» አለ ፈቀደ። ፈቀደ መንገዳችን አስፋልቱን የሚነካበት ጥግ ላይ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲጠግን ይውላል።

«ከየብልቱ እያነሳን ነው የምንመዝነው።»

«እንግዲያው ይሁን። እኔም ጎማ የምነፋው በመለኪያ እንጂ በዓይኔ አይደለም።»

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ዱባለ አልነበሩም፤ ለስብሰባ የሚጠራው የሚከፍል ነው። ስብሰባው በሰላም ሊያልቅ ነበር። እኔ ደግሞ ስብሰባ በሰላም ሲያልቅ የሆነ ዕቃ የጠፋብኝ ይመስለኛል።

«ቢተርፍስ?» አልኩ።

«ምኑ?» አለ ኤልናታን።

«ሥጋው። ለሰባት ሲካፈል።»

«ማቲ፣ አንተ ደግሞ። ማካፈል እኮ ነው። ምን ይተርፋል?»

«ካልተረፈማ ይጻፋ። ለሰባት እኩል ተካፍሎ ሸራው ላይ ምንም ካልተረፈ ጋሽ ዱባለ ይቅሩ። ከተረፈ ይግቡ።»

«ይጻፍ። አንዲት ግራም ብትተርፍ ሚዛኑን ወስጄ ቆሼ እጥለዋለሁ።»

«ሚዛኑ የኔ ነው፤ የትም አይጣልም» አሉ እናቱ። ጻፉትም።

ይህን ያልኩት አውቄ አይደለም። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ክፍልፋይን ወደ አስርዮሽ መለወጥ የተጀመረ ሳምንት። መምህራችን አንድ ሰባተኛን ሰሌዳው ላይ ሊያካፍሉ ተነሱ። ሰሌዳው ሞላ፣ ግድግዳው ላይ ተሻገሩ። ግድግዳው ሞላ፣ በመስኮት ወጥተው የባንዲራውን ምሰሶ እየዞሩ ወደ ላይ ቀጠሉ። የምሳ ደወል ሲደወል ቤት ሄድኩ፤ በዚያው ቀረሁ። እስከማውቀው ድረስ ሰውዬው እያካፈሉ ነው። ስለዚህ ሰባት ሲባል አንድ ነገር ሸተተኝ፣ ሌላ እውቀት የለኝም።

ለጋሽ ዱባለ የመንገሩ ዕጣ እኔ ላይ ወደቀ። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፤ ከዘነበወርቅ በኩል በሚመጣው መንገድ ላይ በሯ ወደ ግድግዳ የዞረች። ስገባ ቢላዋ እየሳሉ ነበር። ጥግ ላይ የቋንጣ ገመድ ተወጥሯል፤ በሬው ገና አልተገዛም።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ሚዛን ሊመድብ ነው ተባለ።»

«ሚዛን ቢላዋ ይይዛል?»

«ኤልናታን ይይዝለታል።»

ቢላዋውን ድንጋዩ ላይ ሁለት ጊዜ አመላለሱት።

«ማረዱንስ?»

«እርስዎ ነዎት። እሱን ማንም አልነካም።»

«ታዲያ ልረድላችሁና መደብ ሲደረደር ልሂድ?»

«ምንም ካልተረፈ ነው። ከተረፈ ይገባሉ ተብሏል።»

«ለሰባት ሲሆን ይተርፋል እንዴ?»

«እንጃ። እኔ ስወጣ አላለቀም ነበር።»

ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቁም። ገመዱን ቀና ብለው አዩትና ወደ ቢላዋቸው ተመለሱ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት በሬው እትዬ ጥሩብርሃን ግቢ ታረደ። ጋሽ ዱባለ ማረዱንም መግፈፉንም ብቻቸውን ጨረሱት፤ እኛ እግር ያዝን፣ ውኃ አቀበልን። ጉበቱና ሆድ ዕቃው ተለይቶ የቀረው ሥጋ ሸራ ላይ ተዘረጋ። ከዚያ ጋሽ ዱባለ እጃቸውን ታጥበው አንድ የቢራ ሳጥን ገልብጠው አጥሩ ሥር ተቀመጡ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ሰዓት ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም። አሞሮቹ ቆርቆሮው ጫፍ ላይ ተደርድረው አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ ኤልናታንን ያያሉ።

ኤልናታን ሥጋውን በሳፋ እያደረገ መዘነ፣ ሳፋውን ቀነሰ፣ ደመረ። ልክ መቶ ስልሳ ኪሎ ወጣ። አንድ ፍሬ ግራም አልበለጠም፣ አላነሰም። ይህን ሲያይ ፊቱ በራ፤ በሬው ራሱ የተማረ መሰለው።

«አሁን አንድ ሰባተኛን ወደ አስርዮሽ እንለውጥና በመቶ ስልሳ እናባዛለን» አለና ስልኩን ነካ። ስልኩ 0.14285714 ብሎ መስታወቱ ያለቀበት ቦታ ላይ ቆመ።

«በጣም ረዘመ» አለ ፈቀደ።

«እናጠጋጋዋለን። ዜሮ ነጥብ ዐሥራ አራት።»

እትዬ ጥሩብርሃን ከኋላ ሆነው ሲያዩ ነበር። «ዐሥራ አራት? የበዓል ሥጋ ነው ልጄ። ምርቃት የለውም?»

«እማዬ፣ ቁጥር ምርቃት የለውም።»

«ሠላሳ ዓመት ሸጫለሁ፤ ምርቃት ሳልጨምር የሸኘሁት ሰው የለም። ዐሥራ አምስት አድርገው።»

ሁሉም ደስ አለው። ምርቃት የሚጠላ ሰው አላየሁም። ኤልናታንም እናቱ ናቸውና ዐሥራ አምስት አደረገው። መቶ ስልሳ በዜሮ ነጥብ ዐሥራ አምስት ሃያ አራት ኪሎ መጣ። አንድ ብሎ ሃያ አራት ኪሎ መዝኖ ደረደረ። ሁለት ብሎ ደረደረ። ስድስት መደብ፣ እያንዳንዱ እንደ ሙሽራ ጉልበት ክብ ያለ፣ ሸራው ላይ ተቀመጠ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ሥጋው አለቀበት። መዘነው፤ ዐሥራ ስድስት ኪሎ።

ሰባተኛው መደብ ከስድስቱ አጠገብ ሲታይ ከአጎቶቹ ጋር ፎቶ ሊነሳ የቆመ ሕፃን ይመስል ነበር።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ፈቀደ።

«ዕጣው ያወጣዋል» አልኩት።

«እኔ ላይ ቢወጣስ?»

«መልካም ፋሲካ እልሃለሁ።»

«እኔ ለዐሥራ ስድስት ኪሎ አይደለም የከፈልኩት» አለ። ሌሎቹም አንድ አንድ ቃል ወረወሩ። እያንዳንዱ ያች ሰባተኛ መደብ በዓይኗ የምታየው እሱን ብቻ መሰለው።

ኤልናታን ወደ እናቱ ዞረ። «ሱቅ ውስጥ ምርቃት ስትጨምሪ ከጆንያሽ ነው የምታነሺው። እዚህ ጆንያው አንድ ነው፤ ምርቃቱን ከሰባተኛው ሰው ነው ያነሳነው።»

«ታዲያ ቀድሞ አትናገርም?» አሉ እትዬ ጥሩብርሃን።

ሥጋው እንደገና ተቀላቅሎ እንደገና ተመዘነ። አሁን ምርቃት የለም፤ ዜሮ ነጥብ ዐሥራ አራት፣ ለመደብ ሃያ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ። ሰባቱም መደቦች እኩል ቆሙ፤ የወታደር ሰልፍ ይመስላሉ። ፈቀደ ዕጣ ሊሰበስብ እጁን ዘረጋ። ያኔ ሸራው መሃል የቀረችው ክምር ታየች። ኤልናታን መዘናት፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ።

«ተረፈ» አልኩ።

«ቀሪ ነው» አለ ኤልናታን፣ አንገቱን እያሻሸ። «ቀሪ ሊኖር ይችላል። ይሄንን ለጋሽ ዱባለ እንስጣቸው። ለድካማቸው።»

ሐሳቡ ለብዙ ሰው ጣፈጠ። ሦስት ኪሎ ትንሽ አይደለም። እትዬ ጥሩብርሃን ወደ አጥሩ ሥር ዞር አሉ። «ጋሽ ዱባለ፣ ምን ይላሉ?»

ጋሽ ዱባለ ከሳጥናቸው አልተነሱም። «ትራፊ ነው?»

«ትራፊ ሳይሆን ቀሪ ነው ጋሼ» አለ ኤልናታን።

«ልዩነታቸውን ንገረኛ።»

ኤልናታን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ ግን የተማረበት ደብተር አጠገቡ አልነበረም።

«አትቀየሙኝ» አሉ ጋሽ ዱባለ። «እኔ ዕጣ ገብቼ የወጣልኝን ነው የምበላው። ዕጣ ያልገባበት ሥጋ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ያቺን ለድመቶቹ ስጧቸው።»

በሕጉ መሠረት ነገሩ እዚህ ማለቅ ነበረበት፤ ተርፏል፣ ስለዚህ ጋሽ ዱባለ ይገባሉ። ኤልናታን ግን እልህ ያዘው። የተረፈው ሥጋው ስለማይካፈል ሳይሆን ቁጥሩን ስለቆረጠው ነው አለ። ቁጥሩ በረዘመ መጠን ቀሪው ያንሳል። ዐሥራ አራትን ትቶ 0.143 አደረገው፤ ምርቃቱ በድብቅ ተመልሶ መጣና የመጨረሻው መደብ መቶ ስልሳ ግራም ጎደለ። 0.1428 አደረገው፤ አሁን ስልሳ አራት ግራም ተረፈች። ሥጋው በዚህ ሁሉ መመላለስ ተገርቶ በራሱ እየተነሳ ሚዛን ላይ ይወጣ ጀመር፤ እኔ እንደዚያ ነው ያየሁት።

«ስልሳ አራት ግራም አንድ ጉርሻ ናት» አለ ፈቀደ። «እኔ እበላታለሁ፣ ያልቃል።» እጁን ሰደደ። እትዬ ጥሩብርሃን እጁን በማማሰያ መቱት።

«ስልሳ አራቷን ለሰባት ክፈሏት» አልኩ እኔ። «ግን ተጠንቀቁ። ከወለቴ ማዶ ያለውን ቅርጫ ሰምታችኋል?»

«አልሰማንም፣ አትንገረን» አለ ኤልናታን።

«በደርግ ጊዜ ነው። ሰባት ሆነው አንድ በሬ አረዱ። ስልሳ ግራም ተረፈች። ስልሳዋን ለሰባት ቆረጧት፣ ቅንጣት ተረፈች። ቅንጣቷን በምላጭ ቆረጧት፣ ሌላ ቅንጣት ተረፈች። እነሱ አርጅተው ሞቱ፣ አሁን ልጆቻቸው በማጉያ መነጽር ላይ ናቸው። ዕጣ ገና አልወጣም። ፋሲካ በመጣ ቁጥር ያንኑ በሬ ነው የሚካፈሉት።»

«ሥጋው አይሸትም?» አለ ፈቀደ።

«ከማነሷ የተነሳ ሽታ የሚቀመጥበት ቦታ የላትም።»

«ይህ ልጅ ሲዋሽ ዓይኑ እንኳ አይርገበገብም» አሉ እትዬ ጥሩብርሃን። ያም ሆኖ ስልሳ አራቷን ግራም በጥርጣሬ አዩዋት።

ኤልናታን ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ስልኩ ነው የሚቆመው እንጂ ቁጥሩ መጨረሻ አለው። በእጅ እሠራዋለሁ። መጨረሻውን ካገኘሁ ምንም አይተርፍም።»

እኔ ጋራዥ ቀለም ስቀባ የተጎረበጠውን ቦታ የማከብበት ጠመኔ ከኪሴ አይጠፋም። አውጥቼ ሰጠሁት። ከግቢው ወጣና የቆርቆሮው አጥር ላይ ጀመረ። ዐሥር ለሰባት አንድ ይደርሳል፣ ሦስት ይቀራል። ሠላሳ ለሰባት አራት፣ ሁለት ይቀራል። ሃያ ለሰባት ሁለት፣ ስድስት ይቀራል። ስልሳ ለሰባት ስምንት፣ አራት ይቀራል። አርባ ለሰባት አምስት፣ አምስት ይቀራል። ሃምሳ ለሰባት ሰባት፣ አንድ ይቀራል። ዐሥር ለሰባት አንድ።

የእትዬ ጥሩብርሃን አጥር አለቀ፣ ወደ ጎረቤት አጥር ተሻገረ። እኛ ተከተልነው። አንድ ሰው ሥጋውን እንዲጠብቅ ተትቶ ነበር፤ እሱም ጥቂት ቆይቶ ሊያይ መጣ። ሁለተኛው አጥር መሃል ላይ ቁጥሮቹ ከበፊቶቹ ጋር አንድ መሆናቸውን አየሁ። 142857፣ አሁንም 142857። ልነግረው ነበር፤ ግን ሰውዬው በደንብ ይዞታል፣ አጥርም ገና ብዙ አለ።

ኋላ ላይ ያ ቁጥር አየር ጤና አደባባይ ድረስ ሄዶ ትራፊክ አስቁሞ መንጃ ፈቃድ ጠየቀው ተብሎ ተወርቷል። ያወራሁት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር የቆመው ፈቀደ ጎሚስታ ቤት በር ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አጥር የለም። ኤልናታን ላቡን በክንዱ ጠረገ። ጠመኔው የጥፍር ያህል ቀርቷል።

«ስንት ላይ ደረስክ?» አሉ እትዬ ጥሩብርሃን።

«አንድ ቀርቶኛል።»

ጋሽ ዱባለ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከሁላችን ኋላ ሲመጡ ነበር። ፊደል አልቆጠሩም፤ ቁጥር ግን ከሰዓትና ከሌሊት ፈረቃ ያውቃሉ። የቆርቆሮውን ርዝመት ወደ ኋላ አዩትና፣ «ስትነሳም አንድ ነበር የያዝከው» አሉ።

ኤልናታን ወደ ኋላ ተመልሶ አጥሩን በጣቱ እየነካ አነበበ። ስድስት፣ ስድስት እያደረገ ቆጠረ። ሲመለስ ፊቱ ላይ እልህ አልነበረም። «አያልቅም» አለ። «ለሰባት አያልቅም።»

«ለስድስትስ?» አለ ፈቀደ። ኤልናታን በሩ ላይ ባለችው ቦታ ሞከረው። ዜሮ ነጥብ አንድ ስድስት፣ ስድስት፣ እንደገና ስድስት፤ ያም አልቆም አለ። ለአምስት ሞከረው፤ ወዲያው አለቀ፣ ዜሮ ነጥብ ሁለት።

«ለአምስት እንዲሆን ሁለት ቤት መውጣት አለበት» አለ ኤልናታን። ማን እንደሚወጣ ማንም አልጠየቀም። ሁሉም ጫማውን አየ።

ለስምንት ሞከረው። ዐሥር ለስምንት አንድ፣ ሁለት ይቀራል። ሃያ ለስምንት ሁለት፣ አራት ይቀራል። አርባ ለስምንት አምስት፣ ዜሮ። ዜሮዋን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አከበባት። ዜሮ ነጥብ አንድ ሁለት አምስት። በመቶ ስልሳ አባዛው፤ ድፍን ሃያ ኪሎ።

«ለስምንት ያልቃል» አለ።

«እንግዲያው ስምንተኛ ከፋይ እናምጣ» አለ ፈቀደ። «የላይ ሰፈሩ ማርቆስ አስገቡኝ ብሎኝ ነበር። ልደውልለት።» ስልኩን አወጣ።

ጋሽ ዱባለ እጃቸውን ከኋላቸው ፈተው በኮታቸው ኪስ ከተቱት።

«አስቀምጠው» አሉት እትዬ ጥሩብርሃን። «በሬ ከወደቀ በኋላ ቅርጫ ሲገባ የት አይተሃል? ሲታረድ ያልቆመ አይገባም።»

«ታዲያ ሲታረድ የቆመ፣ ከእኛ ከሰባታችን ሌላ ማን አለ?» አለ ፈቀደ። ብሎም ራሱ ዞሮ አየ። ሁላችንም ዞርን።

ጋሽ ዱባለ የሚያዩት በሩ ላይ ያለውን ጠመኔ ነው። «ያቺ ክቧ ምንድን ናት?»

«ዜሮ ናት ጋሼ» አለ ኤልናታን።

«ምንም አልተረፈም ማለት ነው?»

«ምንም።»

«እንደ ውላችሁ ከሆነ ታዲያ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ምንም ካልተረፈ እኔ እቀራለሁ። እኔ ስቀር ሰባት ትሆናላችሁ። ሰባት ስትሆኑ ይተርፋል። ሲተርፍ እገባለሁ። ስገባ ደግሞ አይተርፍም። ቀኑን ሙሉ በዚህ በር ስወጣ ስገባ ልውል ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ውሉን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ስብሰባ በሰላም እንዳያልቅ ነበር እንጂ እንዲህ ሆኖ ሰውዬውን በር ላይ ይጨፈልቃል ብዬ አልነበረም። የጎማ ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

ኤልናታን ጠመኔዋን ኪሱ ከተታት። «ውሉ ለሰባት ነው የሚለው» አለ። «ለሰባት አካፍላለሁ አልኩ። አልቻልኩም። ሌላ ምንም የለበትም።»

እትዬ ጥሩብርሃን ትንሽ አሰቡ። የሚያስቡት በግልጽ ይሰማል፤ ነጋዴ ናቸው። «ለሰባት ሃያ ሁለት ኪሎ ከምናምን ነበር። ለስምንት ሃያ ነው። ከየቤቱ ወደ ሦስት ኪሎ ይሄዳል። እኔ ሃያ ይበቃኛል። ሃያ የማይበቃው ይናገር።»

ፈቀደ ጎማ ቤቱን አየ፣ ሰማዩን አየ። «እኔ ምን አልኩ?» አለ በመጨረሻ።

ወደ ግቢው ስንመለስ ሸራው አጠገብ የነበሩት አሞሮች በትሕትና ወደ አጥሩ ተመለሱ። ኤልናታን ሚዛኑን አብርቶ የመጀመሪያውን ሃያ ኪሎ ሊመዝን ጎንበስ አለ። ጋሽ ዱባለ ቆመው ጠበቁት።

«ስምንተኛ ሆኜ ነው የገባሁት፣ ወይስ ሃያ ኪሎ ልትመዝኑልኝ ነው?» አሉ።

«ያው አይደለም ጋሼ?»

«እኔ በነፃ አልበላም። ቢላዋዬን አቀብለኝ።»

ኤልናታን እናቱን አየ። እናቱ ሚዛኑን በእግራቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ቢላዋውን አቀበላቸው።

ጋሽ ዱባለ ገመሱ። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት። ከአንዱ አንስተው ለሌላው ጨመሩ፣ ወደ ኋላ ብለው በአንድ ዓይናቸው አዩ፣ አንዲት የጎድን ጫፍ አዘዋወሩ። ሸራው ላይ ምንም አልቀረም። ኤልናታን አላስችል ብሎት አንድ በአንድ እየመዘነ ስልኩ ላይ ጻፈው። ትልቁ ሃያ ኪሎ ከሰባት መቶ ነበር፣ ትንሹ ዐሥራ ዘጠኝ ከአራት መቶ። ሊናገር ሲል እናቱ «ድምፅህን እንዳልሰማ» አሉት።

ከዚያ ዕጣ ተሰበሰበ። እኔ ሳንቲም ሰጠሁ፣ ፈቀደ የጎማ ነፋስ መሙያ ክዳን፣ እትዬ ጥሩብርሃን አዝራር፣ ጋሽ ዱባለ የለስላሳ ቆርኪ። በመንገድ የምታልፍ አንዲት የማናውቃት ሴት ተጠርታ፣ የማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ስምንቱንም በየመደቡ ላይ አስቀመጠችና መልካም በዓል ብላ ሄደች። የኤልናታን ቤት አዝራር ትልቁ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ቆርኪዋ ትንሹ ላይ ናት፤ ዐሥራ ዘጠኝ ኪሎ ከአራት መቶ።

ይህን የሚያውቀው ኤልናታን ብቻ ነበር፣ እና አጠገቡ ቆሜ ስልኩን የማየው እኔ። ጋሽ ዱባለ ማዳበሪያቸውን ከፍተው ሥጋቸውን መክተት ጀመሩ። ኤልናታን ከራሱ መደብ አንድ ሙዳ አንስቶ ይዞ መጣ።

«ምንድን ነው?» አሉት።

«የእርስዎ ስድስት መቶ ግራም ይጎድለዋል ጋሼ። የእኛ በዝቷል። ላስተካክለው ብዬ ነው።»

«ዕጣ ከወጣ በኋላ?»

«ትንሽ ናት።»

«መልሳት» አሉ ጋሽ ዱባለ። «ቆርኪዬ እዚህ ላይ ነው የተቀመጠው። ሌላ ዓመት ትንሹ አንተ ላይ ይወጣል።»

ኤልናታን ሥጋውን እንደያዘ ቆመ። መልሶ ሲያስቀምጠው ጋሽ ዱባለ የማዳበሪያውን አፍ በሲባጎ አስረው ጨርሰዋል። ሊያነሱት ሞከሩ፤ ግማሽ መንገድ ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«ይልቅ ና» አሉት። «ትከሻዬ ላይ አድርግልኝ።»

አደረገላቸው።